የግራ እግር ጫማ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሐውልት አጥቤያለሁ፤
በባልዲና በብሩሽ ሦስት ልጅ አስተምሬያለሁ።
ቫልዲቪያ ዝናብ ነው፤ ጀመረ እንጂ አያባራ፣
በነሐስ ትከሻ ላይ አረንጓዴ ሽበት ሲያፈራ፣
እኔ ሊሳንድሮ ካዩን፣ የኮሌጁ አትክልተኛ፣
የሦስት ዶን አማዴዮ የማለዳ ጓደኛ።

አንደኛው በር ላይ ነው፣ ፈረስ ላይ ተጭኖ፤
ፈረሱ ነፍስ አለው፣ ጌታው ግን ጆንያ ድንች ሆኖ።
ሐኪሙ በሕይወት ሳለ ፈረስ ይፈራ ነበር፣
አያቴ ሲያወራ፣ በጀልባ ነው እንጂ ወንዙን የሚሻገር።

ሁለተኛው እብነ በረድ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ፣
እጁ ላይ የተከፈተ፣ ፊደል የሌለው መጽሐፍ።
ምድር በተንቀጠቀጠች ዓመት አፍንጫውን አጣ፤
በሲሚንቶ ቀጠልንለት፣ ጠማማ ሆኖ ወጣ።

ሦስተኛው ግን፣ ሦስተኛው የእኔ ነው፤
ከኩሽናው ጓሮ፣ የሽንኩርት ሽታ የሚያጥነው፣
ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጉልበቱን በእጁ ይዞ፣
እንደ ወረፋ ጠባቂ በትንሹ ተክዞ።
የግራ እግሩ ጫማ እንደ ወርቅ ያበራል፣
ፈተና የደረሰበት ሁሉ መጥቶ ያሸዋል።
የአጥንት ስም ያልያዘለት፣ ሒሳብ የከበደው፣
ቁርስ ሳይቀምስ መጥቶ በአውራ ጣቱ ፈተገው።
ልጄ ሮሳመልም በሌሊት ሄዳ ነክታዋለች፤
መዳፏ ነሐስ ነሐስ እየሸተተ «አልነካሁም» ትላለች።

አንድ ቀን ከዋና ከተማ አንዲት ሴት መጣች፣
ኢልዳ ባርሪያ ትባላለች፣ ሰነድ መርማሪ ነች።
ቢጫ ደረሰኝ ዘረጋች ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፦
«አንድ መርከብ፣ ሁለት ሳጥን፤ ቁጥሩን እዚህ ጋ እይ።
ወደብ ላይ ሲወርዱ ሳጥኖቹ ተቀያየሩ፤
የእናንተው ዶን አማዴዮ ሰሜን ነው አሁን መንደሩ፣
በረሃ ዳር አደባባይ፣ በጨው ነጋዴ ስም ይጠራል።
እዚህ የምታጥቡትማ…» ትከሻዋን ሰበቀች። «ነጋዴው ይመስላል።»

ጉባኤው ሦስት ሰዓት ተቀመጠ። ሻይ ፈላ፣ ቀዘቀዘ።
የማጓጓዣው ዋጋ ሲነበብ ክርክሩ ሁሉ ደነዘዘ።
«ባለበት ይቆይ» ተባለ፤ ቃለ ጉባኤ ተፈረመ፣
ነጋዴው በሐኪም ስም ወንበሩ ላይ ከረመ።

በማግሥቱ ባልዲዬን ይዤ ፊቱ ቆምኩ። ምን ብዬ ልጥራህ?
ስንቱን ልጅ ሐኪም አደረግህ፣ አንተ ጨው ስትመዝን ኖረህ!
ጆሮውን በጨርቅ አጸዳሁለት፣ እንደ ድሮው። ምን ላድርግህ።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር
አውቶቡስ ተሳፈርኩ፣ ሁለት ቀን፣ ሁለት አዳር።
ዛፍ አነሰ፣ ሣር አነሰ፣ ከዚያ ምንም አልነበረም፤
አፈሩ አጥንት መሰለ፣ ሰማዩ ደመና አያውቅም።

እዚያ ነበረ። ዶን አማዴዮ። እውነተኛው።
ከሎተሪ ሻጩ ጎን፣ ፀሐይ ያጠቆረው፣
ሻጋታ የለው፣ ሽበት የለው፣ አቧራ ብቻ ለብሶ፣
በራሱ ስም የሚጠራው አንድ ሰው አጥቶ ጨርሶ።

ንግግር ነበረኝ፣ መንገዱን ሙሉ ያጠናሁት፤
ፊቱን ሳየው ጠፋኝ። የመጠጥ ውኃዬን ከፈትኩት፣
ራሱ ላይ አፈሰስኩት።
ፖሊሱ ፊሽካ ነፋ። መሐረቤን አወጣሁ፣
ከግንባሩ እስከ አገጩ እንደ ልማዴ ጠረግሁ።
«ሽማግሌው፣ ምንድን ነው ይሄ?»
«ዝናብ ነው» አልኩት። «ከቤቱ ነው ያመጣሁት።»

ሎተሪ ሻጩ ሳቀ።
ውኃው ጉልበቱ ላይ ሳይደርስ ደረቀ።

የግራ ጫማው ደብዛዛ ነው። ማንም ነክቶት አያውቅ።
ፈተና የለብኝም እኮ በዚህ ዕድሜዬ፣ አልኩት፣
ጎንበስ አልኩ፣ በአውራ ጣቴ ማሸት ጀመርኩ፣
ቀስ ብዬ፣
ከጥቁሩ ሥር የምስር ፍሬ የምታህል ቢጫ
ብልጭ እስክትል ድረስ።